ቤተ ልሔም፤ የእንግዳ ቤት



በዓለ ልደት በደረሰ ጊዜ ሁሉ ካህናት በማኅሌት፣ ሕዝቡም በእልልታ የሚደሰቱበት ምሥጢር፣ አምላክ ሰው ሆኖ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም መወለዱ ነው። ይህን ምሥጢር አበው በሃይማኖት መጻሕፍት አምልተውና አስፍተው ተናግረውታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከምሥጢሩ አጠገብ ያለችውን፣ ብዙ ጊዜ አንብበናት የምናልፋትን አንዲት ነገር ነው። እርስዋም ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 ቁጥር 7 የጻፋት፣ ጌታ በተወለደ ጊዜ ለእናቱና ለአረጋዊው ዮሴፍ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አለመገኘቱ ናት።

ይህች ነገር ስለ ምን እንደ ተጻፈች ማሰብ ይገባል። ወንጌላዊው የመንገዱን ርዝመት አልተናገረም፤ የዮሴፍን ድካም አልዘረዘረም፤ የማደሪያውን መታጣት ግን አልተወም። ዮሴፍ ከዳዊት ወገን ነበርና ቤተ ልሔም የአባቶቹ አገር ናት፤ እርሱ ግን በአባቶቹ አገር የመሸበት እንግዳ ሆነ። ደግሞም ልብ እንበል፤ ከቤተ ልሔም ሰዎች አንዱ ስንኳ ክፉ ቃል እንደ ተናገረው፣ ወይም በትር አንሥቶ እንዳባረረው አልተጻፈም። ከተማይቱ ለቆጠራ በመጣው ሕዝብ ሞልታ ነበርና ስፍራ ታጣ፤ ነገሩ ይኸው ነው። በእኛም በዓል እንግዳው ውጭ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ስለምንጠላው አይደለም። ቤታችን በዘመድ፣ ማዕዳችን በወዳጅ፣ አሳባችንም በበዓሉ ዝግጅት ሞልቶ ስለሚገኝ ነው።

ብቸኛ ሰው በዘወትር ቀን ብቸኝነቱን በሥራው ይሸፍነዋል። ጠዋት ይወጣል፤ ከሰው ጋር ሲጋፋ ይውላል፤ ማታ ደክሞት ይተኛል። በበዓል ቀን ግን ሱቁ ይዘጋል፤ ሠራተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ይገባል፤ መንገዱ ባዶ ይሆናል፤ ከየአጥሩ ውስጥ የወጥ ሽታና የልጆች ሳቅ ይወጣል። እንግዲህ ቤት የሌለው፣ ወይም ቤት ኖሮት ሰው የሌለው በዚያ ቀን ወዴት ይሂድ? ለእኛ የደስታ ቀን የሆነው ለእርሱ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የሚረዝመው ቀን ነው። ይህን የደረሰበት ያውቀዋል።

ቤተ ልሔም ግን ሁልጊዜ በር የሚታጣባት ከተማ አልነበረችም። ከጌታ ልደት በፊት ብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ በመሳፍንት ዘመን፣ ሁለት ሴቶች በእግራቸው ወደ እርስዋ ገብተው ነበር። አንዲቱ ኑኃሚን ናት፤ በረኃብ ዘመን ከባልዋና ከሁለት ልጆችዋ ጋር ወደ ሞዓብ ምድር ተሰዳ፣ ባልዋንም ልጆችዋንም በዚያ ቀብራ የተመለሰች። ሁለተኛይቱ ምራትዋ ሩት ናት፤ እርስዋም ሞዓባዊት ስለ ነበረች በቤተ ልሔም ዘመድም አገርም የላትም። የከተማይቱ ሴቶች ኑኃሚንን ባዩ ጊዜ ተደነቁ፤ እርስዋ ግን በቀድሞ ስምዋ እንዳይጠሯት፣ ይልቁንም መራራ ብለው እንዲጠሯት ነገረቻቸው፤ ሞልታ ወጥታ ባዶዋን ተመልሳለችና። እነሆ፣ ኀዘን ያደረባት መበለትና በባዕድ አገር ያለች እንግዳ፣ ሁለቱም ከእጃቸው አንዳች የሌላቸው፣ የገብስ መከር በተጀመረ ጊዜ ደረሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሩትን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን በአንዲት ስፍራ ላይ ጥቂት እንቆይ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እንደ ታዘዘው፣ ባለ እርሻ የእርሻውን ዳር ፈጽሞ ሊያጭድ፣ የወደቀውንም ሊለቅም አይገባውም፤ ለድኃውና ለመጻተኛው ይተውለታል። ሩትም በዚህ ሥርዓት ቃርሚያ ልትለቅም ወደ ቦዔዝ እርሻ ገባች። ቦዔዝ ሕጉን ብቻ ቢፈጽም፣ ሩት ለቅማ በሄደች፣ ማንም ስምዋን ባላወቀ ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ይህች የማን ናት ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም በምሳ ጊዜ ከአጫጆቹ ጋር ወደ ማዕዱ አቀረባት፤ በልታ ጠገበች፤ የተረፈውንም በቤት ለቀረችው ለኑኃሚን ይዛላት ሄደች። ይህ ከሕጉ በላይ ነው። ሕጉ እህል እንዲተውላት አዘዘ፤ ቦዔዝ ግን ከእርስዋ ጋር ተቀመጠ። ከዚህችም ማዕድ ከተነሣው ፍቅር ኢዮቤድ ተወለደ፤ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይም ዳዊትን ወለደ፤ ወንጌላዊው ማቴዎስም የጌታን ትውልድ ሲቆጥር የእንግዳይቱን የሩትን ስም ሳይተው ጻፈ። ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ በኦሪት ተከልክሎ ሳለ፣ ሞዓባዊቱ የአምላክ እናት የእመቤታችን ቅድመ አያት ሆነች።

የቤተ ልሔም ትርጓሜ የእንጀራ ቤት እንደ ሆነ መምህራን ያስተምራሉ። ሩት በዚያች ቤት እንጀራ አገኘች። የሩት ልጅ ልጅ፣ እርሱ የሕይወት እንጀራ የሆነው ጌታ፣ በዚያችው ቤት ስፍራ አጣ። ይህን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማሰብ ለካህን ሁሉ የሚጠቅም ይመስለናል።

ወደ በረቱ እንመለስ። በበረቱ አጠገብ የተሰበሰቡት እነማን ናቸው? እረኞቹ በሌሊት በሜዳ የሚያድሩ፣ በከተማው ሰው ዘንድ የማይታወቁ ድሆች ናቸው። በኋላም በኮከብ ተመርተው የመጡት ሰብአ ሰገል ቋንቋቸውም አገራቸውም ሌላ የሆነ መንገደኞች ናቸው። ሕፃኑም ብዙ ሳይቆይ ከእናቱ ጋር ወደ ግብፅ ተሰደደ፤ እኛም ይህን ስደቱን በዘመነ ጽጌ እያሰብን እንዘምራለን። እንዲህ ከሆነ ዘንድ የልደት በዓል ከመጀመሪያው ጀምሮ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ እንግዶች የተገናኙበት በዓል ነው። ዘመድ ከዘመድ መገናኘቱ በኋላ የመጣ፣ እርሱም የተወደደ ልማድ ነው፤ መሠረቱ ግን ያ ነው።

እኛ ስለ እንግድነት የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። ከካህናት አንባብያን ብዙዎቹ እንደሚያውቁት፣ የአብነት ተማሪ ከእናቱ ቤት ከወጣበት ቀን ጀምሮ እንግዳ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። በዘወትር ቀን ይህ ኑሮ እጅግ የከበደ መስሎ አይታየውም፤ ጓደኛው ብዙ ነው፤ ትምህርቱም ሌላውን ያስረሳዋል። በበዓል ቀን ግን ልቡ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል።

ዕድሜያችን 14 ዓመት ያህል ሲሆን፣ በጎጃም በአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሳለን፣ ከቤታችን ከወጣን የመጀመሪያው ገና ደረሰ። ጾመ ነቢያት ተፈጸመ፤ ሌሊቱን ቆመን አስቀደስን፤ ከቅዳሴም በኋላ ሕዝቡ «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባባለ ወደየቤቱ ገባ። ታላላቆቹ ተማሪዎች ቀረብ ያሉትን መንደሮች ተከፋፈሏቸው፤ ለእኛ የደረሰን ከወንዝ ማዶ ያለው መንደር ነበረ። በዚያም ቁራሽ የሚሰጥ አልጠፋም፤ በዓል ነውና ሰዉ ከሌላ ቀን ይልቅ ቸር ነበረ። ነገር ግን ሁሉም በደጅ ሰጥቶን ይመለስ ነበር፤ በበሩም ክፍተት እሳቱና በዙሪያው የተሰበሰበው ቤተ ሰብ ይታየን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቀን አኮፋዳችን ሲሞላ እንባ ይተናነቀን ነበር።

በመንደሩ መጨረሻ ካለች ጎጆ ደርሰን ድምፃችንን ስናሰማ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወጡ። በእጃቸው ቁራሽ አልያዙም። «ልጄ፣ ግባ፤ ብቻዬን አልፈስክም ብዬ ተቀምጫለሁ» አሉን።

ገብተን ስንቀመጥ የወጡ ድስት እንዳልተነካ አየን። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸውም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ከወረደ ሁለተኛ ዓመቱ ነበረ። አጨዳው ካለቀ በኋላ ሌሎቹ የመንደሩ ልጆች ተመልሰዋል፤ የእርሳቸው ግን አልተመለሰም። ከማለዳ ጀምሮ መንገዱን ሲያዩ ቆይተው፣ እንደማይመጣ ባወቁ ጊዜ፣ መጀመሪያ በደጃቸው የሚያልፈው ሰው የልጃቸውን ድርሻ እንዲበላ በልባቸው ቆርጠው ነበር። ያም ሰው እኛ ሆንን። ማዕዱን ባረክን፤ እርሳቸውም እንጀራውን ቆርሰው በእጃቸው አጎረሱን። የማን ልጅ እንደ ሆንን፣ እናታችን በሕይወት መኖራቸውን፣ ስንት ቀን ተጉዘን እንደ መጣን አንድ በአንድ ጠየቁን። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ከበላን በኋላ ከራስጌያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። በመስቀል ሰሞን በመንገደኛ እጅ የደረሳቸው የልጃቸው ደብዳቤ ነበረ። አንድ ሰው በገበያ ቀን ቆሞ እየቸኮለ አንብቦላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሚያነብላቸው አላገኙም።

«ማንበብ ትችላለህ?» አሉን።

«እችላለሁ፣ እናቴ» አልን።

ደብዳቤው ትልቅ ነገር የለበትም። ጤናቸውን ይጠይቃል፤ ወባ ይዞት እንደ ነበረና እንደ ዳነ ይናገራል፤ በመጨረሻም ላሚቱ ወልዳ እንደ ሆነ ይጠይቃል። በገበያ ያነበበላቸው ሰው የላሚቱን ነገር ዘልሎት ኖሮ፣ እዚያ ላይ ስንደርስ እናቲቱ ሳቁ፤ ወዲያውም አለቀሱ። «ላሚቱን አልረሳትም! ላሚቱን አልረሳትም!» እያሉ ያችን ስፍራ ሦስት ጊዜ አስነበቡን። በማግሥቱ ቀለምና ወረቀት ይዘን ተመልሰን፣ ላሚቱ ጥጃ እንደ ወለደች የሚናገረውን መልስ ጻፍንላቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጉባኤ ቤት በቆየንባቸው ዓመታት ሁሉ፣ እኛ በየበዓሉ የምንሄድበት ቤት ነበረን፤ እርሳቸውም በየበዓሉ የሚጠብቁት ሰው ነበራቸው። ከሁለታችን ማን ማንን እንደ ተቀበለ እስከ ዛሬ ለይተን መናገር አንችልም።

ይህን ነገር ለመረዳት ስለ አባታችን ስለ አብርሃም ከአበው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ ይረዳናል። አብርሃም ያለ እንግዳ ማዕድ አይቆርስም ነበር። ሰይጣንም በዚህ ቀንቶ በመንገድ ዳር ተቀመጠ፤ የተደበደበና የቆሰለ መስሎ፣ ወደ አብርሃም ቤት ለሚሄደው መንገደኛ ሁሉ፣ የቀድሞው አብርሃም መስሏችሁ አትሂዱ፣ እኔን እንዲህ ያደረገኝ እርሱ ነው ይል ጀመር። መንገደኛውም እየፈራ ተመለሰ። አብርሃም እንግዳ በማጣቱ ሦስት ቀን ሳይበላ ቆየ፤ ከዚህም በኋላ ቅድስት ሥላሴ ወደ ድንኳኑ መጡ፤ ሐምሌ 7 ቀን የምናከብረውም ይህንኑ ነው። እንግዲህ እንመልከት፤ ሰይጣን አብርሃምን ሊጎዳ በወደደ ጊዜ ከብቱን አልገደለበትም፣ ድንኳኑንም አላቃጠለበትም፤ እንግዳ እንዲያጣ አደረገው። ለጻድቁ ሰው ከዚህ የከፋ ጉዳት እንደሌለ ጠላት ራሱ ዐውቋል። ስለዚህ እንግዳ መቀበልን ለእንግዳው ብቻ የሚደረግ ቸርነት አድርጎ የሚያስብ ሰው፣ የነገሩን እኩሌታ ብቻ ነው ያየው።

በዛሬው ዘመን መንገዱን የሚዘጋው ነገር መልኩን ለውጧል እንጂ አልጠፋም። በከተማ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ፣ አንዱ የሌላውን ስም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ሕንፃ የሚጠብቀው ዘበኛ፣ በሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ለትምህርት የመጣው ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ በበዓል ቀን በመካከላችን ያሉ ቤተ ልሔማውያን እንግዶች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል ተነሥቶ እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉትንም እንጨምር፤ ከእነርሱ መካከል ገናን ከቤተ ሰባቸው ተለይተው በባዕድ ቀዬ ያሳለፉት ብዙዎች ናቸው። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩትን እኅቶቻችንንም አንርሳ። በቤይሩት በክርስቲያን ቤት የምታገለግል እኅት ብትሆን እንኳ፣ አሠሪዎችዋ የልደትን በዓል ከ13 ቀን በፊት አክብረው ጨርሰዋልና የእኛ ልደት ለእርስዋ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነው፤ የአገርዋን ቅዳሴ ከሥራዋ መካከል በስልክ ሰርቃ ትሰማለች። በባሕር ማዶ ያሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ካህናት የዚህችን እኅት ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

አሁን ልንናገረው የሚከብደንን ነገር እንናገራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት ደብር የልደት ቅዳሴ በሌሊት ተፈጽሞ፣ ሕዝቡ ሲወጣ፣ አንድ ሰው በቤተ ልሔሙ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሞ አየን። ሁላችን እንደምናውቀው፣ በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ቅጽር ሁሉ ቤተ ልሔም አለች፤ ለመሥዋዕት የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጀው በእርስዋ ነው፤ ከእርስዋም ዲያቆኑ ቃጭል እየመታ ወደ ቤተ መቅደስ ይዞት ይገባል። ያ ሰው በዚህች የእንጀራ ቤት ጥግ ቆሟል። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ በእጁም ፌስታል ይዟል። በአጠገቡ የሚያልፈው ምእመን እርስ በርሱ «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» ሲባባል፣ እርሱ ማንም ሳይጠራው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እያለ ይመልስ ነበር።

እኛ ሰማነው። እግራችንም ጥቂት ዘገየ። ነገር ግን በቤታችን የተጠሩ እንግዶች ነበሩ፤ ሌሊቱም ብርድ ነበረ፤ ነገ እንጠይቀዋለን ብለን አለፍን። በማግሥቱ አልነበረም። ጠባቂዎቹን ጠየቅን፤ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። በወንዝ ማዶ በዚያች ጎጆ የጎረስነው እንጀራ በዚያን ጊዜ ትዝ አለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ በመጨረሻው ቀን ስለ እንግዳው የሚጠይቀውን ጥያቄ ስንት ጊዜ በዐውደ ምሕረት ቆመን ሰብከነዋል! እነሆ፣ ጥያቄው በቤተ ልሔም ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቀን፣ እኛ ሰባኪዎቹ አለፍነው።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስንነግራቸው፣ ደብሩ በበዓል ለድሆች ማዕድ ያዘጋጅ የለምን? አሉን። አዎን፣ ያዘጋጃል፤ መልካምም ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን የሚሰጠውና የሚቀበለው ስማቸውን ሳይጠያየቁ የሚለያዩበት፣ አንዱ ቆሞ ሌላው ተሰልፎ የሚውልበት ማዕድ፣ በቦዔዝ እርሻ ዳር እንደ ተተወው ቃርሚያ ነው። ለረኃብ ይበቃል። ያ ሰው ግን ረኃብተኛ ብቻ አልነበረም፤ «እንኳን አደረሰህ» የሚለው አጥቶ ነበር።

እንዴት ሊደረግ እንደሚቻል ለማየት ከአገር መውጣት አያስፈልግም፤ ላስታ መውረድ ይበቃል። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የጌታ ልደትና የጻድቁ ንጉሥ የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት ሲከበር፣ ከየአውራጃው የተነሣ ምእመን፣ ብዙው በእግሩ፣ አንዳንዱም ብዙ ቀን ተጉዞ፣ ወደ 11ዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ይገባል። ከእነዚህ ተሳላሚዎች ብዙዎቹ በከተማይቱ የሚያውቁት አንድ ሰው የላቸውም። የላሊበላ ሰዎች ግን ወጥተው ይቀበሏቸዋል፤ ወጣቶቹ ተንበርክከው የደከመውን እግር ያጥባሉ፤ ያላቸውን ያበሏቸዋል። አስተውሉ፤ እግር ለማጠብ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል፤ የሰውን እግር ይዞ ከየት መጣህ ሳይሉ መቅረትም አይቻልም። ሌሊቱንም አለቱን ተንተርሰው ያደሩት መንገደኞች፣ በማለዳ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኵሉ ሲባል፣ ካህናቱ እኩሌቶቹ ከላይ በገደሉ አፋፍ፣ እኩሌቶቹ ከታች በቅጽሩ ሆነው ሲቀባበሉ፣ ሰማያውያንና ምድራውያን አንድ የሆኑባትን ያችን ሌሊት በዓይናቸው ያያሉ። ከየት እንደ መጣ የማይታወቀው ገበሬ በማያውቀው ሰው ትከሻ ተደግፎ ቆሞ ያለቅሳል። በ2014 ዓ.ም. እንኳ፣ ከተማይቱ ከጦርነቱ መከራ ከተላቀቀች ጥቂት ሳምንታት ብቻ ባለፉ ጊዜ፣ ይህ በዓል አልታጎለም።

ከተማችን ላሊበላ አይደለችም፤ ይህን እናውቃለን። የሕዝቡ ብዛትም ጥርጣሬውም ሌላ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ሌሊት ወደ ቤት ማስገባት የሚያስፈራ ዘመን እንደ ሆነ አንክድም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን የሁሉ ቤት ናት፤ በቅጽርዋም ደጀ ሰላም አላት፤ ሰንበቴና ጽዋ ማኅበርም ከአባቶቻችን የወረስነው ለዚህ ነው። የንስሐ አባትም ከልጆቹ መካከል በልደት ቀን ብቻውን የሚቀረው ማን እንደ ሆነ በጣቱ ቆጥሮ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ካላወቀም ከበዓሉ በፊት ይጠይቅ። በአገራችን በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ አንዲት ጥንግ ያሳድዳሉ፤ በሜዳው የተፈቀደው በማዕዱ ሊከለከል አይገባም።

ያን ሰው ካጣነው በኋላ በሚቀጥለው ዓመት፣ ከልደት በፊት ባለችው በኖላዊ ሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን አንድ ቃል ተናገርን። በልደት ቀን ብቻውን የሚፈስክ ሰው ካለ፣ በሰንበቴው ቤት አብረን እንፈስካለንና ይምጣ አልን። ለድሆች ነው አላልንም። ማኅበርተኞቹ ማን ይመጣል ብለው ተጠራጥረው ነበር፤ 17 ሰዎች መጡ። ከእነርሱ እኩሌቶቹ የሚበሉት ያላጡ ነበሩ፤ ይህን አስቀድመን አልገመትንም ነበር።

ከመጡት አንዲቱ ሰፊ ቤት ያላቸው፣ ልጆቻቸው ሁሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ወይዘሮ ናቸው። ዶሮውን በቤታቸው ሠርተው፣ በልጅ አሸክመው ይዘውት መጡ፤ «ለአንድ ሰው ዶሮ መሥራት ሰልችቶኝ ነበር፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ይኸው መጀመሪያዬ ነው» አሉን። ሌላው ገና ያላለቀ ሕንፃ የሚጠብቅ፣ ከደላንታ የመጣ ዘበኛ ነው። አንዲት ከዐረብ አገር የተመለሰች ወጣትም ነበረች፤ ብዙ አልተናገረችም፤ ነገር ግን ቡናውን ማንም ሳያዝዛት ተነሥታ አፈላች፤ በሦስተኛው ሲኒ ላይ ስምዋን ነገረችን።

ወይዘሮዋ ዘበኛውን፣

«አገርህ ወዴት ነው፣ ልጄ?» አሉት።

«ደላንታ ነው፣ እማማ» አለ።

እርሳቸው ዋድላ ተወልደው በልጅነታቸው የወጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ሌላ ሰው ሊገባ አልቻለም። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ገደል በእግር መውረድና መውጣት፣ የገበያውን ቀን፣ የብርዱን ዓይነት፣ የሽንብራውንና የምስሩን ነገር ሲጨዋወቱ ፀሐይ ዘቀዘቀች። እርሳቸው ከ50 ዓመት በላይ ያላነሡትን የመንደር ስም እየጠሩ ይጠይቁታል፤ እርሱም ዛሬ እዚያ ማን እንዳለ ይነግራቸዋል። ዘበኛው የሥራው ሰዓት ደርሶ ሲነሣ፣ ድፎ ዳቦውን ቆርሰው በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉለትና «ይህ ለሌሊቱ ነው፤ ጨርቁን ግን እንድትመልስልኝ» አሉት። ጨርቅ አጥተው እንዳልሆነ ሁላችን ዐወቅን።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ተፈጽሞ ስንወጣ፣ ወይዘሮዋ በቤተ ልሔሙ ግድግዳ አጠገብ፣ ያ ሰው ቆሞበት በነበረው ስፍራ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው አየናቸው። ወደ በሩ ይመለከቱ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዘበኛው ጨርቁን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ በሁለት እጁ ይዞት መጣ።